ጎርፍ ሳይደርስ ሰፈሩን ማስወጣት፦ ለዕድርና ለመንደር የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አዘረጋግ ደረጃ በደረጃ

ክረምት በመጣ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይነገራል፤ ሰው ግን ከቤቱ አይወጣም። ሬዲዮው "በአንዳንድ አካባቢዎች ከባድ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ ያድርግ" ይላል። ወንዝ ዳር የምትኖር እናት ይህን ሰምታ ምን ታድርግ? ዛሬ ማታ ትውጣ ወይስ ነገ? ወዴት ትሂድ? አልጋ ላይ ያሉትን አባቷን ማን ያንሳላት? መልስ የሚሰጣት ስለሌለ ልጆቿን አቅፋ ትተኛለች። በዚያ ላይ ወንዙ ሌሊት ከሞላ የሚያነቃት ሰው ሳይሆን ውሃው ነው።

ይህ መመሪያ ወንዝ፣ ጅረት ወይም የጎርፍ መውረጃ ዳር ላለ ዕድር፣ መንደር ወይም የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ የተዘጋጀ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀለም፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ ወረቀትና ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ይበቃል። ግንቦት ላይ ጀምራችሁ ሰኔ ሳያልቅ ጨርሱ። የበልግ ጎርፍ የሚመታችሁ ከሆነ ጥር ላይ ጀምሩ።

1. ሰዎቹን ምረጡ፤ ሥልጣኑንም ስጡ

አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። ዕድሩ አለ። በምሥራቅ ያላችሁም አፎሻችሁ አለ። የአባላት መዝገብ፣ ድንኳን፣ ብረት ድስትና ጥሩምባ ነፊ ያለው ነው፤ በላዩ ላይ ሥራ ጨምሩለት።

የሚያስፈልጓችሁ እነዚህ ናቸው፦

- ወንዙን የሚያዩ ሁለት ሰዎች። ቤታቸው ለወንዙ ቅርብ፣ ሌሊት የሚነቁ ቢሆኑ ይመረጣል። የጥበቃ ሠራተኛ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ለሊት ጸሎት የሚነሱ አባት ለዚህ ሥራ ምቹ ናቸው።
- ከላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት ቀበሌ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው።
- ምልክቱን የሚያሰሙ ሁለት ሰዎች።
- ለእያንዳንዱ 10 ወይም 15 ቤት አንድ ኃላፊ። በር የሚያንኳኳው እሱ ነው።
- መዝገብ የሚይዝና ሰው የሚቆጥር አንድ ጸሐፊ።

ሁሉም ቦታ ተተኪ ይኑረው። ሰው ለቅሶ ይሄዳል፣ ይታመማል፣ አገር ቤት ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰፈር የሚወድቅበት ነገር። ተመልካቹ ውሃው ሲሞላ ያያል። ለሊቀመንበሩ ይደውላል። ሊቀመንበሩ ተኝተዋል፤ አያነሱም። ለቀበሌው ይደውላል። ቀበሌው "ወረዳን እንጠይቅ" ይላል። እስከዚያ ወንዙ ጓሮ ገብቷል።

ስለዚህ በዕድሩ ስብሰባ ላይ በቃለ ጉባኤ ጻፉ፦ "ውሃው ቀዩን ምልክት ሲነካ ተመልካቹ ማንንም ሳያስፈቅድ ምልክቱን ያሰማል። ውሃው ባይመጣም አይጠየቅበትም።" አባላቱ ይፈርሙበት። ለቀበሌው፣ ለወረዳው የአደጋ ስጋት አመራር ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ግልባጭ ስጡ፤ አስቀድመው ካወቁት ሌሊት ላይ "ማን ፈቀደላችሁ?" የሚል አይመጣም። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትሠራላችሁ ብባል ይህችን ቃለ ጉባኤ እመርጣለሁ።

2. ውሃው የሚደርስበትን ቦታ በእግራችሁ ዙሩ

ካርታ ከቢሮ አትጠብቁ። ሽማግሌዎቹን፣ ባለ ሱቆቹንና እረኞቹን ይዛችሁ ወንዙን ዳር ለዳር ሂዱ። "ትልቁ ጎርፍ የመጣ ጊዜ ውሃው የት ደረሰ?" ብላችሁ ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ገለባና ፌስታል ይመራችኋል። የደረሰበትን ሁሉ በኖራ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ በትልቅ ወረቀት ላይ ሰፈሩን ሳሉ። ሦስት ዓይነት ቤት ለዩ። መጀመሪያ የሚመቱት፣ ቀጥለው የሚመቱት፣ የማይደርስባቸው። በየቤቱ ብቻውን መውጣት የማይችለውን ሰው ጻፉ። አራስ፣ አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ፣ ዓይነ ሥውር፣ መስማት የተሳነው፣ ሕፃናት ብቻቸውን የሚያድሩበት ቤት። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሚያወጡትን ሁለት ሰዎች ስም ጻፉ። "ጎረቤት ይረዳቸዋል" ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትኛው ጎረቤት?

ተከራዮችን አትርሱ። ወንዝ ዳር በላስቲክና በቆርቆሮ የሚኖሩት ብዙ ጊዜ የዕድር አባል አይደሉም፤ መዝገብ ላይም የሉም። የቀን ሠራተኞች፣ ከገጠር የመጡ ልጆች፣ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ውሃው ግን መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። መዋጮ ሳትጠይቁ መዝግቧቸው።

የላይኛውን ዝናብም አትናቁ። በድሬዳዋ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ጎርፍ በዋናነት ያመጣው ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች የጣለው ዝናብ ነው። እናንተ ሰፈር ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ከግድብ በታች ያላችሁም እንደዚሁ። በአዋሽ ዳር የምትኖሩ ለምሳሌ፣ ከቆቃ ውሃ የሚለቀቅበትን ቀን ከወረዳው ጠይቁ፤ ማስታወቂያው በማን በኩል እንደሚደርሳችሁም አረጋግጡ።

3. ወንዙ ላይ ሦስት ቀለም ቀቡ

የድልድይ ምሰሶ ካለ እሱ ይሻላል። ከሌለ ውሃ የማይነቅለው ድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የቆመ ብረት ይሁን። የተተከለ እንጨት አይሆንም፤ በመጀመሪያው ጎርፍ ይሄዳል።

ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፤ አረንጓዴ አልጌ ካለበት ቀለሙ አይይዝም። ሲደርቅ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡ። መስመሮቹ ከርቀት በባትሪ መብራት እንዲታዩ የእጅ መዳፍ ያህል ወፍራም ይሁኑ።

- አረንጓዴ፦ የተለመደው የክረምት ከፍታ። ማንም አይነቃነቅም።
- ቢጫ፦ ተመልካቾቹ ሁለቱም ይነቃሉ፤ የቤት ኃላፊዎች ይነገራቸዋል፤ አቅመ ደካሞችና ከብቶች መውጣት ይጀምራሉ።
- ቀይ፦ ሁሉም ይወጣል።

ቀዩን የት ታደርጋላችሁ? ብዙዎች ውሃው ከወንዙ ወጥቶ ወደ ቤት ሊገባ ሲል ያለውን ከፍታ ይቀባሉ። ያ ዘግይቷል። ቀይ ማለት ውሃው ቤት የሚደርስበት ከፍታ ሳይሆን ሰው ለመውጣት በቂ ጊዜ የሚያገኝበት ከፍታ ነው። ጊዜውን ደግሞ በሚቀጥለው ደረጃ ታሰሉታላችሁ። እስከዚያ ቀዩን አትቀቡ፤ በኖራ ብቻ አመልክቱ።

ምልክቱ ሌሊት ከአስተማማኝ ቦታ መታየት አለበት። ተመልካቹ ለማየት ወደ ውሃው የሚወርድ ከሆነ ቦታውን ቀይሩ።

4. ጊዜያችሁን አስሉ

ከላይኛው ቀበሌ ያለው ሰው ስልክ ያስፈልጋችኋል። ካርድ የሚሞላለት ዕድሩ ይሁን። በቀላል የክረምት ሙላት ቀን፣ ድፍርሱ ውሃ እሱ ጋ ሲደርስ ይደውልላችሁ። ሰዓቱን ጻፉ። ያው ውሃ እናንተ ምልክት ጋ ሲደርስም ጻፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይህን ካደረጋችሁ ውሃው ከእሱ ወደ እናንተ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ታውቃላችሁ። ትልቅ ጎርፍ ከዚያ ሊፈጥን ስለሚችል ከሁሉም አጭሩን ጊዜ ያዙ።

አሁን ሒሳቡ። ለምሳሌ ውሃው 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ስልክ አንስቶ ምልክት ለማሰማት 5 ደቂቃ ይሄዳል። ሰፈሩ ወጥቶ ለማለቅ በልምምድ 25 ደቂቃ ፈጀ። የቀራችሁ 10 ደቂቃ ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ሰፊ አይደለም።

ሒሳቡ ካልሞላላችሁስ? ውሃው በ15 ደቂቃ የሚደርስ፣ ሰዉ ለመውጣት 25 የሚፈጅበት ሰፈር ብዙ ነው። ያኔ ወንዙን መጠበቅ ትርጉም የለውም። ሁለት ነገር አድርጉ። አቅመ ደካሞችና ሕፃናት ከባድ ዝናብ በተተነበየባቸው ሌሊቶች ከመጀመሪያውም ከፍ ያለ ቦታ ይደሩ። ለሌላው ሰው ደግሞ መነሻችሁን የወንዙን ከፍታ ሳይሆን የላይኛውን ዝናብ አድርጉ። ከላይ ያለው ሰው "እዚህ ዶፍ ጥሏል፤ አላቆመም" ሲል ቢጫ ነው። "ወንዙ ድልድዩን ሊነካ ነው" ሲል ቀይ ነው።

የዝናብ መለኪያም መሥራት ትችላላችሁ። ከላይ እስከ ታች ስፋቱ አንድ ዓይነት የሆነ ጠፍጣፋ ቂጥ ያለው ቆርቆሮ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጡ፤ በማስመሪያ በሚሊሜትር ለኩ። ቀኑን፣ የዝናቡን መጠንና ወንዙ የደረሰበትን ቀለም በደብተር ጻፉ። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ስንት ሚሊሜትር ሲዘንብ ወንዛችሁ ቢጫ እንደሚነካ ከደብተሩ ታነባላችሁ።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ዕለታዊና የ10 ቀን ትንበያ ያወጣል። አንድ ሰው በየማታው እንዲያዳምጥ ወይም በስልኩ እንዲከታተል መድቡ። ትንበያው ለሰፈራችሁ ሰዓት አይነግራችሁም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ የትኛው ሌሊት ሳይተኙ መጠበቅ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

5. ድምፁን ምረጡ

የዕድር ጥሩምባ በሰፈሩ ሲነፋ ሰው ምን ያደርጋል? "ማን ይሆን?" ይላል፤ ነጠላውን ያነሳል፤ ረጋ ብሎ ወጥቶ ይጠይቃል። ለጎርፍ ይህ አይሆንም። የለቅሶውን አነፋፍ ለጎርፍ አትጠቀሙ።

ለጎርፍ ልዩ አነፋፍ አውጡ። አጭር አጭር፣ ሳያቋርጥ፣ ቢያንስ ለ5 ደቂቃ። ጥሩምባ ነፊው ለሽማግሌዎቹ ያሰማ፤ ከሠርግም ከለቅሶም ጋር የማይምታታ መሆኑን ይመስክሩ።

አንድ ድምፅ ግን አይበቃም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዶፍ ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው እንኳ አይሰማህም። ስለዚህ፦

- ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ጋር ተነጋገሩ። ደወሉ ከቅዳሴ ውጭ ሳያቋርጥ ከተደወለ ጎርፍ ነው።
- ከመስጊዱ ኢማም ጋር ተነጋገሩ። ድምፅ ማጉያው መብራት ሲጠፋ እንዲሠራ ባትሪ ይኑረው። መብራት የሚጠፋው ደግሞ ያን ዕለት ነው።
- የቤት ኃላፊው በር ያንኳኳል። መስማት የተሳነው ሰው ቤት ገብቶ ቀስቅሶ በእጁ ያሳየዋል።
- ስልክ መጨረሻ ላይ ይምጣ። አንድ ሰው ለአምስት፣ አምስቱ ለአምስት አምስት ይደውሉ። መስመር ከተጨናነቀ አጭር መልእክት ላኩ፤ ጥሪ እምቢ ሲል እሱ ሊያልፍ ይችላል።

የቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ በክረምት ኃላፊዎቹ ብቻ እንዲጽፉ አድርጉት። በጎርፍ ሌሊት መቶ ሰው "እውነት ነው?" ሲል ዋናው መልእክት ይቀበራል።

አንድ ሰው በሐሰት ቢያሰማስ? የማሰሚያው ሰው ሁለት ነገር ብቻ ያጣራ። የነገረው ተመልካቹ ነው? ቀለሙስ ምንድን ነው? ይህ በ1 ደቂቃ ያልቃል። ካላለቀ ያሰማ።

6. መልእክቱን ዛሬ ጻፉት

በድንጋጤ ጊዜ ሰው ጥሩ ዓረፍተ ነገር አይወጣውም። "ኧረ ጎርፍ! ኧረ ውጡ!" ብቻ ከተባለ ግማሹ ወደ ድልድዩ ይሮጣል። መልእክቱ አምስት ነገር ይያዝ፦ ምን መጣ፣ ማን ይውጣ፣ መቼ፣ በየት በኩል ወዴት፣ ምን አታድርጉ።

እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦

"ማስጠንቀቂያ! ትልቅ ጎርፍ እየመጣ ነው። ከድልድዩ በታችና ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያላችሁ ሁሉ አሁኑኑ ውጡ። በላይኛው መንገድ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። በድልድዩ አትሻገሩ። ዕቃ አታንሱ፤ ልጆችና አረጋውያንን ያዙ። የሰማ ላልሰማ ያሰማ!"

ቦታዎቹን በናንተ ሰፈር ስም ተኩ። መልእክቱን በላሚኔት አስለብጣችሁ ከድምፅ ማጉያው ጋር እሰሩት። በስልክ የሚላከው ላይ ቀንና ሰዓት ጨምሩ፤ የትናንት መልእክት ዛሬ ሲዞር ሰው ይሳሳታል። ሰፈራችሁ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ካሉ በዚያም አዘጋጁ። አፉን የፈታበት ሰው ያንብበው።

"ጥንቃቄ ያድርጉ" የሚል ቃል ካለበት ሰርዙት። ምን እንደሚያደርጉ ንገሯቸው።

7. መውጫውንና ማረፊያውን አዘጋጁ

ማረፊያው ከፍ ያለ፣ ጣሪያ ያለው፣ መጸዳጃ ያለውና ወንዝ ሳይሻገሩ የሚደረስበት ይሁን። ትምህርት ቤት፣ የወጣቶች ማዕከል፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽ። ካጣችሁ የዕድሩን ድንኳን ከፍ ያለ ቦታ ትከሉ።

ቁልፉ ማን ጋ ነው? ይህን ሳይጠይቁ የቀሩ ሰዎች ሌሊት በዝናብ ልጅ ታቅፈው ከተቆለፈ በር ፊት ይቆማሉ። የጥበቃው ቤት የት እንደሆነ እወቁ። አንድ ቅጂ ቁልፍ በአቅራቢያው ከሚኖር ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ ርእሰ መምህሩም በጽሑፍ ይስማሙበት።

መንገዱን በሌሊት ሂዱበት። የተከፈተ ማንሆል፣ ቦይ፣ የወደቀ አጥር፣ ውሻ የታሰረበት በር አለ? ማንሆሉን ክደኑ፤ ካልተቻለ በረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ አስራችሁ አጠገቡ አቁሙ።

8. የየቤቱ ዝግጅት

የቤት ኃላፊው ይህን በየቤቱ ዞሮ ያሳይ፦

1. መታወቂያ፣ የቤት ካርታ ወይም የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ካርድ። ሁሉንም በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ አፉን ቋጥሩ፤ በር አጠገብ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ፎቶ አንስታችሁ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ።
2. በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ድርቆሽ። እሳት አይፈልጉም፤ ቶሎም አይበላሹም።
3. ንጹሕ ውሃ በክዳን ጀሪካን፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ለሕፃን ብርድ ልብስ።
4. የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ሁሉም የቤተሰብ አባል ይወቀው። ወለሉ እርጥብ ሳይሆን አጥፉ። ውሃ ገብቶ ከሆነ አትንኩት፤ ውጡ።
5. ከብት የምታስሩበት ቋጠሮ በአንድ መሳብ የሚፈታ ይሁን። ሰው ከወጣ በኋላ ለላም ብሎ ይመለሳል። ቢጫ ላይ ከብቱን ማውጣት የተባለውም ለዚህ ነው።

9. ተለማመዱ

የዕድር ስብሰባ ባለበት እሑድ ይመቻል። ሰው ስለተሰበሰበ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይመለስና ከዚያ ምልክቱ ይሰማ። ሰዓት ያዙ። የመጨረሻው ሰው ማረፊያው ሲደርስ ያለውን ደቂቃ ወደ ደረጃ 4 ሒሳብ መልሱት። ቀዩን ቀለም አሁን ቀቡ።

ሁለተኛውን ልምምድ ከመሸ በኋላ አድርጉ። ልዩነቱን ታያላችሁ። ሰፈሩ እንዳይደናገጥ ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ለፖሊስም አሳውቁ።

ልምምድ ላይ የሚበላሸው ነገር ይታወቃል። የድምፅ ማጉያው ባትሪ ሞቷል። ተተኪው ስሙ መዝገብ ላይ እንዳለ አያውቅም። አልጋ ላይ ያሉትን እማማ የሚያነሱት ሁለቱ ወጣቶች ቀን ቀን ሥራ ላይ ናቸው። ሦስቱንም እዚያው አስተካክሉ፤ ለቀንና ለሌሊት የተለያየ ተሸካሚ መድቡ። ቃሬዛ ከሌለ ጠንካራ ብርድ ልብስ በሁለት አጣና ላይ ጠቅልሉ።

10. የዕለቱ ቅደም ተከተል

ቢጫ ሲነካ፦ ሁለተኛውን ተመልካች ቀስቅሱ። በየ10 ደቂቃው ከፍታውን ጻፉ። ወደ ላይ ደውሉ። የማረፊያውን በር ክፈቱ። አቅመ ደካሞችን አንሱ።

ቀይ ሲነካ፦ ምልክቱን አሰሙ፤ ከዚያ ደውሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የእሳትና አደጋ ስጋት 939 ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ሌላ ከተማ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ቁጥር ዛሬ ደውላችሁ ሞክሩት፤ የሚያነሳ መኖሩን እወቁ።

ቀለም ሳይጠበቅ ወዲያው የሚወጣባቸው ምልክቶችም አሉ። ከላይ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ፣ ውሃው ድንገት ደፍርሶ ግንድና ቅጠል ሲያመጣ፣ ወይም እየዘነበ ወንዙ ድንገት ሲቀንስ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል። "ጎደለ" ብሎ ይመለሳል። ከላይ ናዳ ወይም ግንድ ውሃውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ሲለቀው በአንዴ ይመጣል።

የሚሄድ ውሃ አትሻገሩ። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ያነሳል፤ ባጃጅማ ገና ከዚያ በፊት ይሄዳል።

ሰው ከተወሰደ ተከትላችሁ አትግቡ። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ክዳኑን አጥብቁ፤ ገመድ እሰሩበትና ወርውሩለት። ያንሳፍፈዋል። ይህን ጀሪካን ከነገመዱ አስቀድማችሁ ድልድዩ አጠገብ ስቀሉ።

አልወጣም የሚል ሰው ቢያጋጥም አትጨቃጨቁ። የሚሰማውን ሰው፣ ልጁን ወይም የንስሐ አባቱን፣ በስልክ አገናኙት። አሁንም እምቢ ካለ ልጆቹን አውጡ፤ ስሙን ለጸሐፊው ስጡና ወደሚቀጥለው በር ሂዱ።

ማረፊያው ላይ ጸሐፊው በመዝገቡ ስም ይጥራ። የጎደለ ካለ ፍለጋውን የሚያዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

11. ወንዝ ሳይሆን ተዳፋት ከሆነ

ገደል ሥር ወይም የተቆረጠ ኮረብታ አጠገብ ያላችሁ ሌላ ነገር ተመልከቱ። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ ወይም አጥር፣ ድንገት የማይዘጋ በር፣ ባልነበረበት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ። ስንጥቁ በሁለቱም በኩል ችካል ምቱ፤ መሐሉን በየቀኑ በገመድ ለኩ። ከሰፋ ውጡ። ዝናቡ ቢያቆምም ቶሎ አትመለሱ፤ ውሃው ገና ወደ ውስጥ እየሰረገ ነው።

ናዳ ከወረደ በኋላ ያለው ሰዓት አስፈሪ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሰዎች ሮጠው ደረሱ። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። ወገን ከአፈር በታች እያለ ቁሙ ማለት ከባድ ነው፤ ግን ይህን አድርጉ። ከመቆፈራችሁ በፊት ፊቱን ወደ ተራራው ያዞረ፣ ፊሽካ የያዘ፣ ሌላ ምንም የማይሠራ ሰው አቁሙ። በአንዴ ጥቂት ሰው ብቻ ይቆፍር፤ ሌላው ከናዳው መስመር ወደ ጎን ይራቅ። መሸሻው ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይደለም። ፊሽካ ከተነፋ መቆፈሪያውን ጥሎ መሮጥ ነው።

12. መመለስና ከዚያ በኋላ

"ተመለሱ" የሚለው አንድ ሰው ይሁን፤ ድምፁም ከማስጠንቀቂያው የተለየ። ውሃው ከቢጫ በታች ወርዶ፣ ከላይ ያለው ሰውም "ቀንሷል" ሳይል አትልቀቁ። ሁለተኛ ሙላት የተለመደ ነው። ቢቻል የሚመለሰው በብርሃን ይሁን።

ቤት ስትገቡ ግድግዳው የተሰነጠቀ መሆኑን ከውጭ እዩ። ጭቃ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ከቀናት በኋላም ይወድቃል። መብራት ባለሙያ ሳያይ አትክፈቱ። የተቆለለ ዕቃ በእጅ አታንሱ፤ በእንጨት ገልብጡ፤ እባብ ይኖራል።

ጎርፍ የነካውን ጉድጓድ ውሃ አትጠጡ። መጸዳጃው ሞልቶ ተቀላቅሏል። ውሃውን አፍሉ፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ ለ3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር ወይም ሌላ የውሃ ማከሚያ ካላችሁ ዕቃው ላይ እንደተጻፈው ተጠቀሙ። አተት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ኦአርኤስ ስጡ። ካጣችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ።

ጎርፉ ባይመጣስ? ሰው ሌሊት ተነስቶ፣ በስብሶ፣ ምንም ሳይሆን ይመለሳል። ያጉረመርማል። ተመልካቹን በጉባኤ ፊት አመስግኑት፤ ካፈረ ሁለተኛ ያመነታል። ከዚያ ደብተሩን ክፈቱ። ቀዩ ዝቅ ብሎ ነው? ከላይ የተደወለው ስህተት ነው? ለማስተካከል ሦስት አራት ሙላት ተመልከቱ፤ በአንድ ሌሊት ቅሬታ ቀለሙን ከፍ አታድርጉ።

በዚያው ሳምንት የዘገየውን ቤት፣ ያልሰማውን ሰው፣ የተዘጋውን መንገድ ጻፉ። ባትሪዎቹን ቀይሩ። የባትሪ ድንጋዮቹን ከመሣሪያው አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ ውስጡ ከቆዩ ይፈሳሉ። ጀሪካኑን ወደ ድልድዩ መልሱ። መስከረም ላይ ውሃው ሲጎድል ምሰሶውን እዩ፤ ጎርፉ ያጠበውን ቀለም ድንጋዩ ሲደርቅ ደግማችሁ ቀቡ።